ጥሪው ወደ ማን ይሂድ?

አሜሪካዊው አልሞን ስትሮጀር በካንሳስ ሲቲ ቀብር አስፈጻሚ ነበር። ሐዘንተኞች ለእሱ ሲደውሉ ጥሪው ወደ ተፎካካሪው እንደሚሄድ ጠረጠረ። ያኔ መስመር የሚያገናኙት የስልክ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ አንዷ የተፎካካሪው ሚስት ነበረች ይባላል። (ወሬው ተጣፍጦ ሊሆን ይችላል፤ ንዴቱ ግን ፍሬ አፈራ።) እ.ኤ.አ. በ1891 ያለ ሰው እጅ የሚያገናኝ ማሽን የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1892 ኢንዲያና ውስጥ፣ ላ ፖርት ከተማ ሥራ ጀመረ።

ማሽኑ አድልዎን አስቀረ፤ ማስተዋልንም አብሮ። «ሐኪሙ ጎረቤት ናቸው» ብሎ ጥሪ የሚያዞር ሰው ጠፋ።

የጂ.ኤስ.ኤም. ሞባይል ጥቂቱን መለሰ፦ ስልኩ ሲያዝ፣ ሳይነሳ ሲቀር ወይም ሲዘጋ ጥሪው ወደ ሌላ ቁጥር ይዞራል። የደዋዩን ማንነት ግን አይለይም። ጉግል በ2007 የገዛው ግራንድሴንትራል፣ ኋላ ጉግል ቮይስ የተባለው፣ ይለያል፦ እናት ስትደውል ሞባይሉም የቤቱም የኢንተርኔቱም ስልክ ይጠራል፤ ሻጭ ሲደውል መልእክት መቀበያው ብቻ።

የተፎካካሪዋ ሚስት ግን ዛሬም አለች። አጭበርባሪ ደውሎ «**21* ብለህ ይህን ቁጥር አስገባ» ካለ፣ ጥሪው ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል፤ የባንክ ማረጋገጫ ጥሪ ሳይቀር። *#21# ጥሪ ወዴት እንደሚዞር ያሳያል፤ ##002# ሁሉንም ይሰርዛል።