ስፕላይስ፦ የሽቦ ቅጥል

ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አዋሽ ወንዝ ዳር የምትገኝ ቆላ ናት። ሰው የሚያውቃት በፍል ውሃዋ ነው። ጣሪያ ላይ ሶላር ለሚዘረጋ ሠራተኛ ግን ሦስት ፈተና ያለባት ቦታ ናት፤ ቆርቆሮ የሚያግል ፀሐይ፣ ከወንዙና ከፍል ውሃው የሚነሣ እርጥበት፣ ያገኙትን ሁሉ የሚጎትቱ ጦጣዎች። ሦስቱም ቶሎ የሚያበላሹት ፓኔሉን ወይም ባትሪውን ሳይሆን ሽቦ ከሽቦ የተቀጠለበትን ቦታ ነው።

ይህ ቦታ በእንግሊዝኛ ስፕላይስ ይባላል። በአማርኛ «የሽቦ ቅጥል» እንበለው። ቅጥል ሁለት የሽቦ ጫፎች ዳግመኛ እንዳይለያዩ ታስቦ አንድ የሚሆኑበት መገጣጠሚያ ነው። ከፓኔሉ ጀርባ በሚወጣው ሽቦ ጫፍ ላይ ያለው፣ ቀጭ ብሎ የሚገጥመውና ሲፈለግ የሚላቀቀው ኮኔክተር ግን ቅጥል አይደለም፤ እሱ «ተነቃይ ማገናኛ» ነው። ሁለቱ የሚገዙትም የሚበላሹትም በተለያየ መንገድ ስለሆነ ለይቶ መጥራት ይበጃል።

ሽቦ ሲያጥር የሚደረገው የታወቀ ነው። ጫፎቹ ይላጣሉ፣ እርስ በርስ ይጠመዘዛሉ፣ በናስትሮ ይጠቀለላሉ። ይህ ጣሪያ ላይ ቅጥል ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። የተጠመዘዙ ሽቦዎች በደንብ የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። ቀን ቆርቆሮው ሲግል መዳቡ ይለጠጣል፣ ሌሊት ሲበርድ ይኮማተራል፤ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ጥምዝዙ ይላላል። የናስትሮው ማጣበቂያ በሙቀቱ ይቀልጥና ጫፉ ይገለጣል። በዚያ በኩል እርጥበት ሲገባ መዳቡ ይጠቁራል፤ የጠቆረው ሽፋን ደግሞ ኮረንቲ በደንብ አያሳልፍም። እንዲህ እያለ የመገጣጠሚያው ሬዚስታንስ ያድጋል።

ሬዚስታንስ ሲያድግ ምን እንደሚሆን ሒሳቡ ያሳያል። በመገጣጠሚያው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ኮረንቲው በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በሽቦው 10 አምፒር ያልፋል እንበል፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ትልልቅ ፓኔሎች በቀትር ይህን ያህል ይሰጣሉ። የመገጣጠሚያው ሬዚስታንስ 0.01 ኦም ከሆነ ሙቀቱ 1 ዋት ብቻ ነው። ወደ 0.5 ኦም ካደገ ግን 50 ዋት ይሆናል። የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ 50 ዋት መታመቅ ማለት የሬዲዮ ጠጋኝ የሚበይድበትን ብረት ናስትሮ ውስጥ ጠቅልሎ እንደ መተው ነው።

ከሙቀቱ የሚብሰው ብልጭታው ነው። ቤታችን የሚገባው የመብራት ኃይል ተለዋዋጭ ኮረንቲ ስለሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ያልፋል፤ በላላ ሽቦ መካከል የተነሣ ብልጭታ በዚያች ቅጽበት የመጥፋት ዕድል አለው። ፓኔል የሚያመነጨው ቀጥተኛ ኮረንቲ ግን ዜሮን አይነካም። 10 ፓኔሎች በተከታታይ ሲገናኙ 400 ቮልት ገደማ ይደርሳሉ፤ በዚህ ቮልቴጅ ቅጥል ሲላላ የሚነሣው እሳት ፀሐይ እስካለች ሊቀጥል ይችላል። ብሬከር ማውረድም ከብሬከሩ እስከ ፓኔሉ ያለውን ሽቦ ቮልቴጅ አልባ አያደርገውም። ጣሪያ ላይ ለሚወጣ ሰው ይህን መንገር የግድ ነው።

ታዲያ የትኛው ቅጥል ይመረጥ? ከሁሉ የሚሻለው ቅጥል አለመኖሩ ነው። ርቀቱን አስቀድሞ ለክቶ ከፓኔሉ እስከ መቆጣጠሪያው ወይም እስከ ኢንቨርተሩ የሚደርስ አንድ ወጥ ሽቦ መግዛት ለጥቂት ሜትር የሚከፈለውን ብር ያህል ያስወጣል እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ሽቦው ራሱ የሶላር ይሁን። የተለመደው የቤት ሽቦ የፕላስቲክ ሽፋን የሚችለው 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ፀሐይ ሲመታውም ይሰነጠቃል። በአውሮፓው ኢኤን 50618 ደረጃ የተሠራ የሶላር ሽቦ ግን 90 ዲግሪንም የፀሐይ ጨረርንም እንዲችል የተዘጋጀ ነው።

መቀጠል ግድ ከሆነ ምርጫው ተጨፍላቂ ቱቦ ነው። ይህ በቆርቆሮ ማዕድን የተለበጠ አጭር የመዳብ ቱቦ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች በግራና በቀኝ ገብተው በክሪምፕ ፒንሳ ይጨፈለቃሉ። ቱቦው የሽቦውን ልክ መያዝ አለበት፤ ለ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የ4፣ ለ6 የ6። ተራ ፒንሳ ቱቦውን ያጣምመዋል እንጂ የሽቦውን ክሮች አጥብቆ አያሲዝም፤ እስከ መጨረሻው ካልተጨመቀ የማይለቀው ዓይነት የክሪምፕ ፒንሳ ነው የሚያስፈልገው። ከተጨፈለቀ በኋላ በእጅ ጠበቅ አድርጎ መሳብ ነው፤ ከወጣ፣ ጣሪያ ላይ ጦጣ ሳትስበው እዚያው መውጣቱ ይሻላል። ከዚያም ውስጡ ማጣበቂያ ያለውና በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይለብሳል። ማጣበቂያው ቀልጦ በሁለቱም ጫፍ ብቅ ካላለ ውሃ መግባቱ አይቀርም።

ብየዳ ብቻውን አይበቃም። እርሳስና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት መበየጃ ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ቅጥሉ በጋለ ጊዜ ብየዳው ከሥራ ውጭ ይሆናል። ሽቦን በብሎን አጥብቆ የሚይዘው ሞርሴቶ ቤት ውስጥ፣ በሳጥን ተከድኖ ያገለግላል፤ ለፓኔሎቹ ቀጥተኛ ቮልቴጅ እንዲችል ተብሎ ካልተሠራ ግን ጣሪያ ላይ መውጣት የለበትም። መዳብና አሉሚኒየምን በቀጥታ አንድ ላይ መጠምዘዝ ፈጽሞ አይገባም፤ እርጥበት ባለበት አሉሚኒየሙ ይበላል።

ስለ ተነቃይ ማገናኛውም አንድ ነገር ልበል። ኤምሲ4 የሚባለው ስሙን ያገኘው መልቲ ኮንታክት ከተባለው አምራችና ከ4 ሚሊ ሜትሩ ፒን ነው። ገበያው ውስጥ ግን እሱን የሚመስሉ ብዙ ናቸው። የተለያየ ፋብሪካ ወንድና ሴት ማገናኛ ቀጭ ብለው ቢገጥሙም የፒኑ ልክና የብረቱ ልባጥ ስለሚለያይ እያደር ይግላሉ። ሁለቱም ከአንድ አምራች ይሁኑ፤ ኮረንቲ እያለፈም አይነቀሉ።

ቅጥሉ የሚቀመጥበት ቦታ እንደ ቅጥሉ ሁሉ ያሳስባል። ውሃ የማያስገባ ሳጥን ውስጥ፣ ከፓኔሉ ጥላ ሥር፣ ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ ይሁን። ሽቦው ከሳጥኑ በፊትና በኋላ ከፓኔሉ መደገፊያ ብረት ጋር ይታሰር፤ ያኔ የሚጎትት ነገር ቢመጣ ኃይሉ ቅጥሉ ላይ አያርፍም።

በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ባለሙያ የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ሶላር የምታስገቡ ሁሉ፣ ማረጋገጫውን ጠይቁ፤ ሳጥኑ ከመከደኑም በፊት ቅጥሉን አሳዩን በሉ። ናስትሮ ብቻ ካያችሁ ሥራው አላለቀም፤ ክፍያውንም አትጨርሱ።