ጀማሪ ብዙ፥ ፈጻሚ ጥቂት፤ የአሜሪካ የኹለት ዓመት ኮሌጆች ታሪክ

ግንብ ሊሠራ ስለ ጀመረና መፈጸም ስላቃተው ሰው በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ የማያውቅ የለም። እኛ መምህራንም ትምህርቱን ሳይፈጽም የወጣ ተማሪ ባየን ጊዜ ኹሉ ምሳሌውን ወደ ተማሪው ብቻ እናዞረዋለን፤ ወጪውን ሳያስብ የጀመረ እርሱ ነው፥ መሳለቂያም መኾን የሚገባው እርሱ ነው እንላለን። የትምህርቱ ቤትስ በሩን ሲከፍትና ተማሪውን ሲጠራ ወጪውን አስቦ ነበርን ብሎ የሚጠይቅ ግን አይበዛም።

ይኽ ጥያቄ በመዝገብና በቍጥር ከተመረመረባቸው ስፍራዎች አንዱ በአሜሪካ አገር ያለው የኹለት ዓመት ኮሌጅ ነው፤ በዚያው አገር ሰዎች አጠራር የማኅበረሰብ ኮሌጅ ይባላል። በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን በሞንትጎመሪ ኮሌጅና በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሌጅ የሚማሩ ስላሉ ስሙ ለብዙ ቤተ ሰብ እንግዳ አይደለም፤ ታሪኩ ግን እምብዛም አልተነገረም። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ኹሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

የነዚህ ኮሌጆች ሐሳብ የመነጨው ከዕብራይስጥ መምህር ነው ቢባል ያስገርም ይኾናል። ዊልያም ሬኒ ሃርፐር የሚባለው ሊቅ በ18 ዓመቱ ከዬል የዶክተርነት ማዕርግ የተቀበለ፥ ዕብራይስጥንና ብሉይ ኪዳንን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነበር። በ1892 የተከፈተው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በኾነ ጊዜ የአራቱን ዓመት ትምህርት በኹለት ከፈለው፤ የታችኛውን ኹለት ዓመት የፈጸመ ቢወድ ወደ ላይ እንዲወጣ፥ ባይወድ ወይም ባይችል ደግሞ ያለ ኀፍረት እንዲሰናበት ብሎ ነው። በ1901 በጆልየት ከተማ ካለው የኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለቃ ከጄ ስታንሊ ብራውን ጋራ መክሮ፥ በዚያች ከተማ የታችኛው ኹለት ዓመት ብቻ የሚሰጥበት ኮሌጅ በ6 ተማሪዎች ተጀመረ። እንግዲህ ይኽ ቤት ገና ከመሠረቱ ኹለት በር ያለው ነው፤ አንዱ ወደ ላይኛው ትምህርት የሚያወጣ፥ አንዱ ወደ ሥራ የሚያሰናብት። ፈጻሚው ማን ነው የሚለው ነገር ኋላ ያከራከረው ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1907 የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ የኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከፍ ያለ ትምህርት እንዲጨምሩ ፈቀደ፤ በ1944 ከጦርነት ለሚመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪያቸው እንዲከፈል ታወጀ፤ በ1947 ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቆመው ኮሚሲዮን ለሕዝቡ ቅርብ የኾኑ ኮሌጆች እንዲከፈቱና የመጀመሪያው ኹለት ዓመት ያለ ክፍያ እንዲኾን መከረ። በ1960ዎቹ ዓመታት በሳምንት አንድ አዲስ ኮሌጅ ይከፈት ነበር እስከ መባል ደረሰ። በመግቢያ ፈተና ሰው አይመለስም ነበርና ድኻው፥ ስደተኛው፥ ልጅ የምታሳድገው እናት፥ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማረው ኹሉ ገባ። መንግሥት የሚከፍለውም በአብዛኛው በገባው ሰው ቍጥር ስለ ነበረ፥ አለቆቹ የሚያበሥሩት የገባውን ብዛት ነበር።

የወጣውን አስተውሎ የጻፈ ቢኖር በርተን ክላርክ ነው። በሳን ሆዜ ከተማ ያለውን ኮሌጅ መርምሮ በ1960 ባወጣው ጽሑፍ፥ ብዙዎቹ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር ዐስበው እንደሚገቡና የሚሻገሩት ግን ጥቂቶቹ እንደ ኾኑ አሳየ። ኮሌጁም የቀሩትን በግልጽ «አትችሉም» ብሎ አያባርራቸውም፤ በፈተና፥ በምክር፥ ወደ ሌላ ዐይነት ትምህርት በማዘዋወር ተስፋቸውን ቀስ በቀስ ያበርደዋል። ክላርክ ይኽን ነገር «ማቀዝቀዝ» ብሎ ጠራው። ቃሉን የተዋሰው ከኧርቪንግ ጎፍማን ሲኾን፥ ጎፍማን በ1952 የጻፈው ስለ አጭበርባሪዎች ነው፤ ገንዘቡ የተበላው ሰው ወደ ዳኛ እንዳይጮኽ ከአጭበርባሪዎቹ አንዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ያጽናናዋል። ምሳሌው ጨካኝ ነው፤ ክላርክም መምህራኑን ተንኰለኞች አላላቸውም። ነገር ግን የተጽናናው ተማሪ ጥፋቱን ኹሉ የራሱ አድርጎ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ቤቱም ያለ ነቀፋ ይቀራል።

ከዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። ቅኔ ቤት በነበርኹበት ዘመን አብረውኝ ጀምረው ክረምቱ ሳይወጣ የጠፉ ጓደኞች ነበሩኝ። እኛ የቀረነው «ቅኔው አልገባው አለ» እያልን ስናማቸው ኖርን። ዛሬ ሳስበው ከሄዱት አንዱ ከኹላችን አስቀድሞ ጉባኤ ቃና የቈጠረ፥ ምሥጢርም የሚገባው ልጅ ነበር። የሄደው ውሻ እግሩን ነክሶት ለቍራሽ ልመና መውጣት ስለ ተሳነው ነው። እኛም ከአኵፋዳችን ያካፈልነው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ቅኔ የሚያስቈጥር መምህር ነበረን፤ ማን ቀረ፥ ስለ ምን ቀረ ብሎ የሚቈጥር ግን አልነበረንም።

በአሜሪካ አገርም መቍጠር በሕግ የታዘዘው ዘግይቶ ነው። በ1990 የወጣው ሕግ፥ ለተማሪዎቹ የመንግሥት ርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ኹሉ ከጀማሪዎቹ ስንቱ እንደ ፈጸመ እንዲገልጥ አዘዘ፤ ለኹለት ዓመት ትምህርት የተወሰነው የቍጥር ጊዜ 3 ዓመት ነው። ቍጥሩም ሲወጣ፥ በ2000ዎቹ ዓመታት ወደ መንግሥት የኹለት ዓመት ኮሌጆች ከገቡት በ3 ዓመት የፈጸመው ከ5 አንዱ ወይም ጥቂት የሚበልጥ ኾኖ ተገኘ። ነቀፋም በዛ። ይኹን እንጂ ቍጥሩ ሳይመዘን የሚወሰድ አይደለም። ሕጉ የሚቈጥረው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገባውንና ሙሉ ትምህርት የያዘውን ነው፤ ከነዚህ ኮሌጆች ተማሪዎች ግን ከ3 ኹለቱ ያህል በከፊል ጊዜ የሚማሩ ናቸው። ደግሞም አንዲት ልጅ አንድ ዓመት ተምራ ወደ ዩኒቨርሲቲ ብትሻገርና በመጨረሻ ሐኪም ብትኾን፥ በመጀመሪያው ኮሌጇ መዝገብ ከፈጻሚዎች አትቈጠርም። ሃርፐር ኹለት በር ሠርቶ ሳለ ቈጣሪው በአንዱ በር ቆመ።

የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ግን በሰፊው ሊነገር ይገባዋል። ይኽ ዩኒቨርሲቲ በ1970 የከተማውን የኹለተኛ ደረጃ ፈጻሚዎች ኹሉ እቀበላለኹ ብሎ በሩን ከፈተ፤ በ1976 ግን ከተማው ገንዘብ ባጠረው ጊዜ ከብዙ ዘመን የነጻ ትምህርት በኋላ በተማሪዎቹ ላይ ክፍያ ጣለ። በ2007 ደግሞ በኹለት ዓመት ኮሌጆቹ ውስጥ «አሳፕ» በሚባል አጭር ስም የታወቀ ሥርዐት ጀመረ። በዚህ ሥርዐት የገባ ተማሪ ሙሉ ትምህርት እንዲይዝ ይገደዳል፤ በሒሳብ ወይም በንባብ ጉድለት ካለበትም ማሟያውን ሳያሳድር እንዲማር ይደረጋል። በዚህ ፈንታ የመንግሥት ርዳታ የማይሸፍነው ክፍያ ይሟላለታል፤ መጻሕፍት በነጻ ይሰጡት ነበር፤ የምድር ባቡርና የአውቶቡስ መሳፈሪያ ካርድም ያገኛል፥ ይኸውም አማካሪውን መጥቶ ካነጋገረ ነው። ሥርዐቱ በተፈተነበት ጊዜ አማካሪው የሚይዘው ከ60 እስከ 80 ተማሪ ብቻ ነበር፤ በተለመደው አሠራር ግን አንዱ አማካሪ ከ600 እስከ 1500 ተማሪ ይደርሰው ነበር። 1500 በግ የሚጠብቅ እረኛ የጠፋችውን አንዲቱን በምን ያውቃታል?

ይኽን ሥራ አመስግኖ ማለፍ ቀላል ነበር፤ እነርሱ ግን ፈተኑት። ኤም ዲ አር ሲ የሚባለው የምርምር ድርጅት ከ2010 ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅተኛ የኾነ 896 ተማሪዎችን በዕጣ ለየ፤ ግማሹ ያህል ወደ አሳፕ ገባ፥ ግማሹ ያህል በተለመደው አሠራር ቀረ። ሐዋርያት ማትያስን በዕጣ የለዩት የእግዚአብሔርን ፈቃድ ለማወቅ ነበር፤ የዚህ ዕጣ ምክንያት ግን ትጉሁ በአንድ ወገን፥ ሰነፉ በሌላ ወገን እንዳይሰበሰብ ነው። በ2015 በታተመው ውጤት፥ በ3 ዓመት ውስጥ ከአሳፕ ተማሪዎች ከ100 40፥ ከቀሩት ግን ከ100 22 ፈጸሙ። ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ የተሻገሩትም በአሳፕ በኩል ከ100 25፥ በሌላው በኩል 17 ነበሩ። ትጋትና ስንፍና በኹለቱም ወገን እኩል ተከፋፍሎ ሳለ የፈጻሚው ቍጥር እጥፍ ሊኾን ጥቂት ቀረው።

ተማሪን ማቀማጠል ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን አይመስለኝም፤ ትምህርቱ አልተቀነሰም፥ ግዴታውም በረታ እንጂ አልላላም። ስለ ወጪው ቢጠየቅ፥ ለአንድ ተማሪ በ3 ዓመት የተጨመረው 16,284 ዶላር ነው፤ ይኽም ከተለመደው ወጪ ከ100 60 ያህል ብልጫ አለው። ነገር ግን ጠቅላላው ወጪ ለፈጻሚዎች ቍጥር ሲካፈል አንዱን ፈጻሚ ለማውጣት የጠፋው ገንዘብ ከተለመደው አሠራር ያነሰ ኾኖ ተገኘ። በኦሃዮ ግዛትም በ3 ኮሌጆች ከ2014 ጀምሮ ይኽንኑ ሥርዐት በዕጣ ሞከሩት፤ በዚያም በ3 ዓመት ከ100 35 ፈጸሙ፥ ያለ ሥርዐቱ የቀሩት ግን 19 ነበሩ።

በኹለቱም ስፍራ የተፈተነው ሥርዐት የተቀበለው ሙሉ ትምህርት ለመያዝ የሚችለውን ተማሪ ነው። ቀን በሆቴል ወይም በታክሲ ሠርቶ ማታ ኹለት ትምህርት ብቻ የሚይዘው፥ ከወገኖቻችንም እንዲኽ ያለው አይታጣም፥ በዚያ ዕጣ ውስጥ ስሙ አልገባም።