በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ የተጠነሰሰው የቦምብ ሴራ (ጥር 2003 ዓ.ም.)

በጥር 2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ 16ኛውን የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ለማስተናገድ ስትዘጋጅ፣ በከተማዋ የተለያዩ ቦታዎች ቦምብ አፈንድቶ ጉባኤውን ለመበተን የተጠነሰሰና ሳይፈጸም የከሸፈ ሴራ ነው። ሴራውን ያከሸፈው የኢትዮጵያ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው። ከስድስት ወር በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የሶማሊያና ኤርትራ ተቆጣጣሪ ቡድን ባወጣው ሪፖርት፣ ዕቅዱን ያመነጨውም ያደራጀውም የመራውም የኤርትራ መንግሥት ነው ሲል ደመደመ። ኤርትራ ክሱን የፈጠራ ወሬ ነው ብላ አልተቀበለችውም። አንድም ቦምብ አልፈነዳም፤ አንድም ሰው አልሞተም። ይሁንና ጉዳዩ እስከ ፀጥታው ምክር ቤት ደርሶ በአንድ አገር ላይ የተጣለ ማዕቀብ እንዲጠናከር ምክንያት ሆኗል።

ጉባኤው ጥር 22 እና 23 (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 እና 31 ቀን 2011) ተካሄደ። የአፍሪካ መሪዎችና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ብቻ አልነበሩም የመጡት፤ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙንና የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚም ተገኝተው ነበር። ካይሮ በሕዝብ ዐመፅ እየተናጠች፣ ኮትዲቯር ከምርጫ በኋላ ለሁለት ተከፍላ፣ የዓለም ጋዜጠኛ ዓይን ሁሉ አህጉሩ ላይ ባረፈበት ሳምንት ነው። በጉባኤ ሰሞን አዲስ አበባ እንዴት እንደምትሆን ነዋሪው ያውቀዋል፦ የቦሌ መንገድ በየሰዓቱ ይዘጋል፣ የመሪ አጀብ እስኪያልፍ ታክሲው ከነተሳፋሪው ይቆማል፣ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ በየማዕዘኑ ፌዴራል ፖሊስ ይቆማል።

በተቆጣጣሪ ቡድኑ ሪፖርት መሠረት የታቀዱት ዒላማዎች ሦስት ነበሩ። አንደኛው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ በዚያ የታሰበው መሪዎቹ ለዕረፍት ሲወጡ በመኪና የተጠመደ ቦምብ ማፈንዳት ነበር። ሁለተኛው በሸራተን ሆቴልና በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት መካከል ያለው አካባቢ ነው፤ ሸራተን በየጉባኤው የልዑካን ማደሪያ መሆኑ ይታወቃል። ሦስተኛው መርካቶ ነው።

ይህ ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ ሊጤን ይገባዋል። በመርካቶ አምባሳደር የለም፣ የጉባኤ አዳራሽም የለም። ያለው ሸማ ተራ፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ሠራተኛ፣ ከጀርባው ጭነት ተሸክሞ «መንገድ! መንገድ!» እያለ የሚሹለከለክ ወዛደር፣ ከየክፍለ ሀገሩ ሸቀጥ ሊያነሳ የመጣ ነጋዴ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ባለሱቅ ጨርቁንም ፕላስቲኩንም የሚጭነው ከዚያ ነው፤ የኩታበር ገበያ ላይ የሚዘረጋው ጫማ ሳይቀር አብዛኛውን ጊዜ በመርካቶ በኩል ያልፋል። አውቶቡስ ተራም አጠገቡ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የተጠመደ ፈንጂ ዲፕሎማት አይገድልም። ሪፖርቱም ዓላማው ብዙ ሰው መግደል እንደነበር፣ ዕቅዱ ቢሳካ ሰላማዊ ሰው በጅምላ ያልቅ እንደነበር፣ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚም ይጎዳ እንደነበር በግልጽ አስፍሯል። ስለዚህ ሴራው «በዲፕሎማቶች ላይ የተቃጣ» ብቻ ተብሎ ሲጠራ ግማሹ ይቀራል፤ እንግዳው ሰበብ ሲሆን በብዛት ይሞት የነበረው ባላገሩና የከተማው ሰው ነበር።

የኢትዮጵያ የደኅንነት ሰዎች ተጠርጣሪዎቹን ሲይዙ ፈንጂና አልሞ መተኮሻ ጠመንጃ አብረው ያዙ። ተጠርጣሪዎቹ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) አባላት ተብለው ነበር የቀረቡት። ተቆጣጣሪ ቡድኑ ግን እዚህ ላይ የተለየ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ኦነግ በዚህ ሥራ ውስጥ ሽፋን ነበር፤ ትእዛዙ፣ ሥልጠናውና ገንዘቡ የመጣው በቀጥታ ከኤርትራ የስለላ መኮንኖች ነው፤ ከተያዙት ውስጥም ከድርጅቱ ጋር እውነተኛ ግንኙነት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው አለ። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በእነዚያ ዓመታት በኦነግ ስም ተጠርጥሮ ወኅኒ የወረደው ሰው ብዙ ነበርና፣ አንድ ገለልተኛ አካል «ድርጅቱ ስሙን አበደረ እንጂ ሥራውን አልሠራም» ማለቱ ከፍተኛ ክብደት አለው።

ቡድኑ ሪፖርቱን የጻፈው በእስረኞች ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ይበረታ ነበር፤ በአንድ መንግሥት እጅ የወደቀ ሰው የሚናገረው ምን ያህል የራሱ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የስልክ ግንኙነቶችንና የተላከ ገንዘብ መዝገብን መረመረ። ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ማስረጃ ጠመንጃው ነው። የመሣሪያው መለያ ቁጥር ሮማኒያ ድረስ ተልኮ ተጣራ፤ የሮማኒያ መንግሥትም መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2004 ለኤርትራ መከላከያ ሚኒስቴር የተሸጠ መሆኑን አረጋገጠ። ብረት ላይ የተመታ ቁጥር ሰው እንደሚናገረው ቃል በግዳጅ አይለወጥም። እርግጥ ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ቢሆንም አንድ የአገር መከላከያ ሚኒስቴር ገዝቶ ያስገባው መሣሪያ በሌላ አገር ዋና ከተማ፣ በጉባኤ ዋዜማ፣ ከፈንጂ ጋር መገኘቱ መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው። ኤርትራ ጉዳዩን በጅምላ ከመካድ አልፋ ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ አልሰጠችም።

በዚያው በጥር ወር ኤርትራ አቋርጣው የነበረውን የአፍሪካ ኅብረት ውክልናዋን መልሳ አምባሳደር ግርማ አስመሮምን ወደ አዲስ አበባ ልካ ነበር። በአንድ በኩል አምባሳደር፣ በሌላ በኩል ፈንጂ፤ ሁለቱ በአንድ መንግሥት ዕቅድ ውስጥ እንዴት ጎን ለጎን እንደኖሩ፣ ወይም አንዱ የመንግሥት ክንፍ ሌላው የሚሠራውን ያውቅ እንደነበር፣ ሪፖርቱን ያነበበ ሁሉ የሚጠይቀው ነው።

አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት የመጀመሪያዋ አልነበረም። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው ከቦሌ ወደ ከተማ ሲያመሩ ታጣቂዎች መንገዱን በመኪና ዘግተው ተኩስ ከፈቱባቸው። ሙባረክ ጥይት በማይበሳው መርሴዲስ ተርፈው ወደ አየር ማረፊያው ተመለሱና በዚያው ወደ ካይሮ በረሩ፤ የኢትዮጵያ ፖሊሶች ግን ሞቱ። ጋማዓ ኢስላሚያ የተባለው የግብፅ ቡድን ኃላፊነቱን ወሰደ፤ ሱዳን ተጠርጣሪዎችን አስጠልላለች ተብላ ተከሰሰች። ፀጥታው ምክር ቤት በ1988 ዓ.ም. ብቻ ሦስት ውሳኔዎች (1044፣ 1054 እና 1070) አሳለፈባት፤ ማዕቀቡ የተነሳው በመስከረም 1994 ዓ.ም. ነው። የ2003ቱን ጉዳይ የያዙት የኢትዮጵያ ዲፕሎማቶች ይህን መንገድ አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ በጎረቤት ላይ የሚቀርብ ክስ በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በኒው ዮርክም እንደሚረታ ከዚያ ተምረዋል።

ሴራው ከከሸፈ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት አቋሙን አጠነከረ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአስመራው መንግሥት ላይ ይከተሉት የነበረው የመከላከል ፖሊሲ ማብቃቱን አስታወቁ። በሰኔ ወር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በፀረ ሽብር ሕጉ መሠረት ኦነግን፣ የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃነት ግንባርን (ኦብነግ) እና ግንቦት 7ን ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር በአንድ ዝርዝር አሸባሪ ብሎ ሰየመ። በሐምሌ 417 ገጽ ያለው የተቆጣጣሪ ቡድኑ ሪፖርት ይፋ ሆነ።

የቀጣናው ድርጅት ኢጋድና ኢትዮጵያ ተጨማሪ ማዕቀብ እንዲጣል ግፊት ጀመሩ። በኤርትራ ላይ ማዕቀብ የተጣለው ከዚያ በፊት ነበር፤ ታኅሣሥ 14 ቀን 2002 ዓ.ም. የጸደቀው ውሳኔ 1907 በሶማሊያ ታጣቂዎችን ትደግፋለች፣ ከጅቡቲ ጋር ያላትን የድንበር ውዝግብ አልፈታችም በሚል የጦር መሣሪያ ዕገዳ ጥሎባታል። አዲሱን ረቂቅ ያቀረቡት ጋቦንና ናይጄሪያ ናቸው። ኅዳር 25 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2011) ውሳኔ 2023 በ13 ድምፅ ጸደቀ፤ ቻይናና ሩሲያ ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ሩሲያ ኤርትራ በሴራው እጇ እንዳለበት የሚያሳምን ማስረጃ ለምክር ቤቱ አልቀረበም የሚል አቋም ይዛ ነበር።

ውሳኔው የጥር ወሩን የሽብር ዕቅድ በስም ጠቅሶ አወገዘ። በሥራ ላይ የዋለው ጉልበቱ ግን ሌላ ቦታ ነበር፤ ኤርትራ ከውጭ ካሉ ዜጎቿ የምትሰበስበው የሁለት ከመቶ ግብር በማስፈራራትና በማስገደድ እንዳይሰበሰብ፣ በማዕድን ዘርፏ የሚሠሩ የውጭ ኩባንያዎችም ገንዘቡ ለማተራመሻ እንዳይውል ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ጠየቀ። በዚህ የተነሳ ከአዲስ አበባው ሴራ ጋር አንዳች ንክኪ የሌለው፣ በስቶክሆልም ወይም በቶሮንቶ የሚኖር ኤርትራዊ ሠራተኛ ጉዳይ የዚህ ታሪክ ክፍል ሆነ። ግብሩን የሚጠሉት ብዙ ስደተኞች ውሳኔውን ደገፉት፤ ሌሎች ደግሞ በአገራቸው ላይ የተሸረበ ነው ብለው ሰልፍ ወጡበት።

በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው ፍጥጫም ባሰ። በጥር 2004 ዓ.ም. በአፋር ኤርታሌ አካባቢ አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ተገደሉ፤ በመጋቢት የኢትዮጵያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ታጣቂዎች ይሠለጥኑባቸዋል ያላቸውን ሰፈሮች መታ። ለወሎ ሰው ይህ ሩቅ ፖለቲካ አልነበረም። ከ1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በፊት የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ጭነት ዋና በር የኤርትራው ወደብ አሰብ ነበር፤ መስመሩ በቡሬ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ላይ ይወጣል። ከባድ መኪና የሚያድርባት፣ ሾፌር የሚበላባት፣ ጎማ የሚጠገንባት ከተማ ያ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደጎደለባት ለመናገር የባለሆቴሉንም የጎሚስታውንም ዕድሜ መጠየቅ ይበቃል። እያንዳንዱ አዲስ ክስና አዲስ ማዕቀብ የአሰብን መንገድ መከፈት ወደ ኋላ ይገፋው ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ2010 ዓ.ም. ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኦነግን ከአሸባሪነት ዝርዝር አወጣ፤ ሐምሌ 2 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ በአስመራ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ፈረሙ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬና የዛላምበሳ በሮች ተከፈቱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ተዘጉ። ኅዳር 5 ቀን ፀጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 2444 በኤርትራ ላይ የነበረውን ማዕቀብ በሙሉ ድምፅ አነሳ፤ ማዕቀቡ እንዲነሳ ጉዳዩን ወደፊት የገፋችው ራሷ ኢትዮጵያ ነበረች። በዚሁ ውሳኔ ተቆጣጣሪ ቡድኑም ሥራው እንዲያበቃ ተደረገ። በሰላሙ ሰሞን ስለ ጥር 2003 የጠየቀ ባለሥልጣን አልነበረም። እርቅ ያለ ይቅርታ አይሆንም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን መርካቶን ዒላማ አድርጓል ተብሎ የተከሰሰ መንግሥት በአደባባይ አንዲት ማብራሪያ ሳይጠየቅ መታለፉ ትክክል አልነበረም። ያን ጊዜ መጠየቅ ይቻል ነበር።

ከዚያ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት በአዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ኤምባሲ ላይ ጥቃት ሊፈጽሙ ነበር ያላቸውን 15 ተጠርጣሪዎች ከጦር መሣሪያና ከፈንጂ ጋር መያዙን አስታወቀ፤ ሌላ ቡድንም በካርቱም በዚያው አገር ኤምባሲ ላይ ሊዘምት ተዘጋጅቶ ነበር ተባለ። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ከጀርባው ኢራን አለች አሉ፤ ኢራን ካደች። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2003 ካደረገው በተለየ ጠላቱን በስም አልጠራም፤ ጉዳዩም ወደ ፀጥታው ምክር ቤት አልተወሰደም።