ጧሪው መንግሥት

«ጡረታ» የሚለው ቃል በቢሮ መዝገብ ውስጥ ብዙ ስለ ኖረ ሥሩን ዘንግተነዋል። መጦር ማለት ያረጀን ወላጅ መመገብ፣ ማልበስ፣ በክፉ ቀን መደገፍ ነው። ሽማግሎቻችን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ሲመርቁ ጧሪው ልጅ መሆኑን ማንም አይጠይቅም ነበር። መንግሥት ይህን ቃል ወስዶ በነጋሪት ጋዜጣ ሲያትመው ከቃሉ ጋር የልጅን ግዴታ አብሮ የተቀበለ ይመስለኛል። በዚህ መጣጥፍ ለማየት የምሞክረው ያ ልጅ አደራውን እንዴት እንደ ያዘው ነው።

ከደመወዝ ዘመን በፊት አገልጋይ የሚከፈለው በመሬት ነበር። የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ዝክረ ነገር» የገለጠ ሰው የመሬት ስሪት ምን ያህል ብዙ ስም እንደ ነበረው ያውቃል። ከእነዚህ አንዱ ማደሪያ ነው፤ የመንግሥት መሬት ሆኖ ለሚያገለግል ሰው በደመወዝ ምትክ፣ አገልግሎቱን ለጨረሰም በጡረታ ምትክ ይሰጥ ነበር። ማደሪያ ግን ርስት አይደለም፤ የሰጠው እጅ መልሶ ሊነሣው ይችላል። ስለዚህ ሹሙም ወታደሩም እርጅናውን የሚያስጠብቀው ደጅ በመጥናት ነበር። ርስት ያለው ገበሬ በልጆቹ ይጦራል፤ ልጅም ርስትም የሌላት ባልቴት ቆብ ደፍታ ወደ ገዳም ወይም ወደ ደብር ደጃፍ ትጠጋለች።

ዘመናዊው ጡረታ የመጣው በድንጋጌ ቁጥር 46/1953፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ነው። ሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ ያዋጣሉ። በሕግ የተጻፈ መብት ሆነ፤ ደጅ መጥናት ቀረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት የሚነቅፍ ሁሉ ይህን ሊነፍገው አይገባም። ነገር ግን አዋጁ ገበሬውን፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ ነጋዴውን አያውቃቸውም ነበር። በደርግ ዘመን የተወረሱት ድርጅቶች ሠራተኞች ተጨመሩ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን በሕግ የተደነገገ ጡረታ ለማግኘት እስከ 2003 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት።

የከተማው ሰው ታዲያ በጡረታው ብቻ አልተማመነም። የተማመነው በቤት ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ መምህሩ፣ ጸሐፊው፣ ነርሷ፣ የጦር መኰንኑ ከደመወዛቸው እየቆነጠሩ፣ እቁብ ሲደርሳቸው ድንጋይና ቆርቆሮ እየገዙ ሁለተኛ ቤት ይሠሩ ነበር። የሚኖሩበት አንድ፣ የሚያከራዩት አንድ። የሚከራየው ቤት የእርጅና ቁጠባቸው ነበር፤ ኪራዩም ከኑሮ ጋር አብሮ ከፍ ስለሚል ከየትኛውም የባንክ ደብተር ይሻላል ብለው ያሰቡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ቁጠባ በአንድ ቀን ወሰደው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ የቀረው «ትርፍ ቤት» ተባለ። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። የአዲስ አበባ መሬት በጥቂት መኳንንትና ባላባቶች እጅ እንደ ነበረ አልክድም፤ ኪራይም ብዙ ተከራይ አስለቅሷል። ነገር ግን ሕጉ ብዙ ቤት ያለውን መስፍንና ሁለት ቤት ያላትን ባልቴት በአንድ ቃል ጠራቸው። ሌላ መተዳደሪያ ለሌላቸው አከራዮች ወርኃዊ ድጎማ ተፈቅዶ ነበር፤ ቆጣቢው ተደጓሚ ሆነ ማለት ነው። በልጅነቴ በሠፈራችን የነበሩ አንዲት እትዬ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ቤታቸውን «የእኔ» ብለው አይጠሩትም፤ «ያኛው» ነበር የሚሉት። ጣሪያው ሲያፈስ ግን ተከራዩ ቀበሌውን ትቶ እሳቸውን ይጠይቅ ነበር። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላም በአዋጁ የተወረሱት ቤቶች ለባለቤቶቻቸው አልተመለሱም።

ሁለተኛው ውርስ አዋጅ አላስፈለገውም። የጡረታ ዕድሜ በአዋጅ ቁጥር 345/1995 ከ55 ወደ 60 ከፍ አለ። በ2003 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 714 እና 715 የግል ድርጅት ሠራተኛውን አስገብተው መዋጮውን በደረጃ ለሠራተኛው 7፣ ለአሠሪው 11 በመቶ አደረሱት። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 10 ዓመት ያገለገለ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ወደ ጣሪያው ለመድረስ 42 ዓመት ያስፈልጋል፤ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ዓመት ሳያቋርጥ ለሠራ ሰው ማለት ነው። 35 ዓመት ያስተማረ መምህር አማካዩ 10,000 ብር ቢሆን 6,125 ብር ይደርሰዋል።

ገንዘቡ ሠራተኛው እስኪያረጅ ድረስ የት ነበር? በአመዛኙ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ይገዛበት ነበር፤ ወለዱም ለብዙ ዓመታት ከ3 በመቶ በታች ነበር። በዚያው ዘመን፣ በ2003 እና በ2004 ዓ.ም.፣ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፏል። እንግዲህ አደራ ጠባቂውም ተበዳሪውም፣ ወለዱ ስንት ይሁን ብሎ የሚወስነውም አንድ መንግሥት ነው። በእኔ እምነት ይህ ያለ አዋጅ የተወረሰ ትርፍ ቤት ነው፤ ልዩነቱ የተወረሰበት ሰው ቁልፉን አለማስረከቡ ብቻ ነው። የጡረታ አበሉ በየጊዜው መጠነኛ ጭማሪ እንደሚደረግበት አውቃለሁ፤ ጭማሪው ግን ገበያውን ተከትሎ የሚሄድ ሳይሆን ባለ ሥልጣን ሲፈቅድ የሚመጣ ነው። ደጅ መጥናቱ በሌላ በር ተመለሰ።

በ2012 ዓ.ም. የግምጃ ቤት ሰነድ በጨረታ መሸጥ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ደግሞ ለፈንዱ የኢንቨስትመንት በሩን ሰፋ አደረጉት። መልካም ነው። ነገር ግን ያለፉት ዓመታት መዋጮ የመግዛት ዐቅም በዚህ አይመለስም፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ የቀረውም ተሸረሸረ።

ስለዚህ ብዙ ጡረተኛ ዛሬ የሚኖረው በቃሉ የጥንት ትርጉም ነው። ጧሪው ዋሽንግተን የሚነዳ ወንድ ልጅ ወይም ዐረብ አገር የሰው ቤት የምትሠራ ሴት ልጅ ናት። እሷ እናቷን ትጦራለች፤ በስሟ የሚጠራቀም የጡረታ መዋጮ ግን በሄደችበትም በመጣችበትም አገር የላትም። ለዕረፍት የመጡትን እንዲህ ያሉ እኅቶች ለራሳቸው እርጅና ምን እንዳሰቡ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ የሚሰጡኝ መልስ ያው የ1950ዎቹ መልስ ነው፦ ሁለት ቤት፣ አንዱ የሚኖሩበት፣ አንዱ የሚያከራዩት።