የሌሊት ግመልና የቀን ክርክር፦ ካሽሚር ኢንተርኔት የተዘጋባት ጊዜ



ስለ አገራችን ካነሳነው በቀር ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኦገስት 2019 በካሽሚር የሚታተሙ ጋዜጦች በትንንሽ ማስታወቂያዎች ተሞልተው ነበር። ማስታወቂያዎቹ የሥራ ወይም የቤት ሽያጭ አልነበሩም። ቤተሰቦች የልጆቻቸውን የሰርግ ግብዣ መሰረዛቸውን ለተጠሩት እንግዶች የሚያሳውቁባቸው ነበሩ። ለምን በጋዜጣ ካላችሁ፣ መልሱ ስልክ ስለማይሠራ ነው። ሞባይል የለም፣ መደበኛ ስልክ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። በ21ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሕዝብ ብዛት የዓለም ትልቋ ዲሞክራሲ በምትባል አገር ውስጥ፣ አንድ አባት ለዘመዱ "ሰርጉ ቀርቷል" ለማለት የጋዜጣ ማስታወቂያ መክፈል ነበረበት።

ይህን ታሪክ ዛሬ የምናነሳው ለማዘን ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት ሲዘጋ ምን እንደሚሰማ እኛም እናውቃለን። በሰኔ 2012 የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ በመላ አገራችን ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በ2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ሲገደቡ ከመግሪብ በኋላ በየመስጂዱ በረንዳ ወጣቶች ስልክ ለስልክ ተጠጋግተው ቪፒኤን ሲቀባበሉ አይተናል፤ እኛም ተቀባብለናል። ያኔ ስንቶቻችን "በቃ፣ መፍትሔው ተገኘ" ብለን ነበር! የካሽሚር ታሪክ ይህን አባባላችንን ደግመን እንድንመረምረው ያደርገናል።

ያች ሌሊት

ካሽሚር አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም የሆነ፣ በሸለቆው ብቻ ወደ 7 ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖርባት ምድር ናት። በሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 370 መሠረት ልዩ የአስተዳደር መብት ነበራት። የዴልሂ መንግሥት ኦገስት 5 ቀን 2019 ይህን መብት ሻረ። ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ግን የመገናኛ መስመሮች አንድ በአንድ ጸጥ ብለው፣ የሰዓት እላፊ ታውጆ፣ ፖለቲከኞች ታስረው ነበር። ሕዝቡ ዕጣ ፈንታው ሲወሰን ለመስማትም፣ ለመናገርም መንገድ አልነበረውም።

ከሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 12፣ ዒድ አል-አድሓ ሆነ። ታላቁ የስሪናጋር ጃሚዕ መስጂድ በዒድ ቀን ተዘግቶ ዋለ። የጁምዓ ሶላትም ከ4 ወር በላይ አልተሰገደበትም። ከአገር ውጭ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው "ዒድ ሙባረክ" ማለት አልቻሉም። ልጁን ጅዳ ወይም ሪያድ የላከ የኛ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ሰዎች ለአንዲት ደቂቃ የስልክ ጥሪ በመንግሥት ቢሮ ደጃፍ ሰልፍ ይይዙ ነበር። ጋዜጠኞች ፎቶና ቪዲዮ በፍላሽ ጭነው ወደ ዴልሂ በሚበር መንገደኛ እጅ ይልኩ ነበር። በዲሴምበር ደግሞ የካሽሚር ሰዎች ከዋትስአፕ ግሩፖች አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ወደው አልነበረም። 120 ቀን ሙሉ ጥቅም ላይ ያልዋለ አካውንት በራሱ ስለሚጠፋ ነው።

መንግሥት የራሱ ምክንያት ነበረው፤ እሱንም በአማና መናገር አለብን። በዚያው ዓመት ፌብሯሪ 14 ፑልዋማ በተባለ ቦታ በተፈጸመ የቦምብ ጥቃት 40 የጸጥታ አባላት ተገድለው ነበር። ባለሥልጣናት "የታጣቂዎችን ግንኙነት ብቻ ነጥሎ መቁረጥ አይቻልም፣ ወሬና ሁከት ሕይወት እንዳያጠፋ ነው የዘጋነው" ይሉ ነበር። ስጋቱ ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ለጥቂቶች ጥፋት 7 ሚሊዮን ሰው፣ ከነሐኪሙ፣ ከነተማሪው፣ ከነነጋዴው፣ ለወራት አንደበቱ ሊዘጋ ይገባል ወይ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

የሞተው ቴሌግራፍና ያልሞተው ሕግ

ኢንተርኔቱ የተዘጋበት ሕግ ከየት እንደመጣ ስናይ ይበልጥ እንገረማለን። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ በ1885 የቴሌግራፍ ሕግ አወጡ። ሕጉ አስቸኳይ ሁኔታ ተፈጥሯል በተባለ ጊዜ መንግሥት መስመሩን እንዲቆጣጠር ሥልጣን የሚሰጥ ነበር። እንግሊዝ በ1947 ወጣች፤ ሕጉ ግን ቀረ። በጁላይ 2013 ሕንድ የቴሌግራም አገልግሎቷን ለመጨረሻ ጊዜ ዘጋች፤ ሕጉ አሁንም ቀረ። በ2017 ደግሞ የኢንተርኔት ማቋረጫ ደንብ የወጣው በዚያው በ1885ቱ ሕግ ላይ ተመሥርቶ ነው። ቅኝ ገዢ ለሽቦ መልእክት ያወጣው ሕግ፣ ከ130 ዓመት በኋላ የአንድን ካሽሚራዊ ተማሪ ስልክ ዘጋ። በ2023 አዲስ የቴሌኮም ሕግ ሲወጣም የማቋረጥ ሥልጣኑ አብሮ ተሻገረ።

ሽቦው ያረጃል፣ መሣሪያው ይለወጣል፤ የመዝጋት ሥልጣን ግን ካልተጠየቀ ከዘመን ዘመን ይወረሳል። አክሰስ ናው የተባለው ድርጅት በ2019 በ33 አገራት ከመዘገባቸው 213 የኢንተርኔት መዘጋቶች 121ዱ በሕንድ የተፈጸሙ ናቸው። ምርጫ ያላት፣ ፍርድ ቤት ያላት፣ ነፃ ጋዜጣ ያላት አገር!

ቪፒኤን የት ድረስ ወሰዳቸው?

የካሽሚር ወጣቶች ሰነፍ አልነበሩም። ያልሞከሩት መንገድ የለም። ሙከራዎቹ የቆሙባቸውን ቦታዎች እንመልከት።

አንደኛ፦ መስመር ከሌለ ቪፒኤን የለም። ቪፒኤን ማለት በኢንተርኔት መንገድ ላይ የተሸፈነ መኪና ማለት ነው። ውስጡ ያለውን ማንም አያይም፤ መንገዱ ራሱ ሲቆረጥ ግን መኪናው የትም አይሄድም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ ወጣቶች በባቡር ተሳፍረው በተራራው ሥር ባለው ዋሻ አልፈው ባኒሃል ወደምትባል ከተማ ይሄዱ ነበር፤ እዚያ ኢንተርኔት ይሠራል። የሥራና የፈተና ማመልከቻ ለመሙላት ሙሉ ቀን ይፈጃል። ሕዝቡ ባቡሩን "የኢንተርኔት ኤክስፕረስ" አለው።

ሁለተኛ፦ መስመሩ ቢመለስም እጅግ ቀጭን ሆኖ ነው የተመለሰው። በጃንዋሪ 2020 የሞባይል ኢንተርኔት ሲከፈት በ2ጂ ፍጥነት፣ መንግሥት የፈቀዳቸውን ጥቂት መቶ ድረ-ገጾች ብቻ ለማየት ነበር። ያኔ ቪፒኤን በየስልኩ ተጫነ፤ አንዳንዱም ሠራ። ግን በዚያ ፍጥነት ምን ይሠራበታል? በማርች ኮሮና ገባ። ሐኪሞች የጽኑ ሕሙማን ሕክምና መመሪያ ለማውረድ አንድ ሰዓት እየጠበቁ እንኳ እንዳልተሳካላቸው በአደባባይ አማረሩ። ትምህርት በኢንተርኔት ሲሆን የካሽሚር ተማሪ የመምህሩ ምስል ደርቆበት ቁጭ አለ። ቪፒኤን የተከለከለ ገጽ ይከፍታል እንጂ የቀጠነ መስመር አያወፍርም።

ሦስተኛ፦ መውጫው ራሱ ወንጀል ተደረገ። ፌብሯሪ 17 ቀን 2020 የስሪናጋር የሳይበር ፖሊስ በቪፒኤን ማኅበራዊ ሚዲያ በተጠቀሙ ሰዎች ላይ፣ ለሽብርና ለሕገወጥ እንቅስቃሴ የወጣውን ከባድ ሕግ ጭምር በመጥቀስ የክስ መዝገብ ከፈተ። ወታደሮች በየመንገዱ ስልክ እየፈተሹ ቪፒኤን ያስጠፉ እንደነበር ነዋሪዎች ለጋዜጠኞች ተናግረዋል።

አራተኛ፦ አቋራጭ ሁሉ አስተማማኝ አይደለም። በዲሴምበር 2019 ሙስሊሞችን ለይቶ ያስቀረውን የዜግነት ሕግ በመቃወም በዴልሂ ሰልፍ ሲወጣ፣ በከተማዋ አንዳንድ ክፍሎች ኢንተርኔት ተዘጋ። ብዙዎች ያለ ኢንተርኔት በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ መልእክት የሚያስተላልፈውን ብሪጅፋይ የተባለ አፕ አወረዱ። በኦገስት 2020 ግን ሮያል ሆሎዌይ ከተባለው የለንደን ዩኒቨርሲቲ የሆኑ ተመራማሪዎች አፑ መልእክትን ከማንበብ፣ ተጠቃሚን ከመከታተል እንደማያድን አጋለጡ። ይጠብቀኛል ብሎ የያዘው መጋረጃ ወንፊት ሆኖ ተገኘ።

አምስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው። አቋራጭ የሚያውቀው ወጣቱ ነው። እናትየው አታውቅም። ፖምና ምንጣፍ የሚሸጠው ነጋዴ፣ ትዕዛዝ የሚጠብቀው የእጅ ባለሙያ ቪፒኤን አያድነውም። የካሽሚር የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት ብቻ የደረሰውን ኪሳራ ከ170 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ብሎ ገምቶታል። አንዱ ሾልኮ ሲያልፍ ሌላው በሩ ላይ ቀርቷል።

ሂሻም ኢብኑ ዐምር ያስተማረን

እዚህ ላይ ከሲራ አንድ ታሪክ እናስታውስ። ቁረይሾች በኒ ሃሺምንና በኒ ሙጦሊብን አግልለው፣ እንዳይሸጡላቸው እንዳይገዟቸው፣ እንዳይጋቧቸው ውል ጽፈው በካዕባ ውስጥ ሰቀሉት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እና ቤተሰቦቻቸው በአቡ ጧሊብ ሸለቆ ሦስት ዓመት ያህል ተራቡ፤ የሕፃናቱ ልቅሶ ከሸለቆው ውጭ ይሰማ ነበር። ሂሻም ኢብኑ ዐምር በሌሊት ግመል ላይ እህል ጭኖ ሸለቆው አፍ ላይ ሲደርስ ልጓሙን አውልቆ ጎኗን መታ አድርጎ ይለቃት ነበር። ግመሏ ገብታ የተራቡትን ታበላለች።

የሂሻም ግመል ሕይወት አድናለች፣ ማንም አይንቃትም። ነገር ግን ከበባውን አላቆመችም። ሂሻም ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ዙሀይርን፣ ሙጥዒም ኢብኑ ዐዲይን፣ አቡል በኽተሪንና ዘምዓን አንድ በአንድ ሄዶ አነጋገረ። አምስቱም በዚያን ጊዜ ሙስሊም አልነበሩም፤ ግፉ ግን አልዋጥ አላቸው። በማግስቱ ዙሀይር ካዕባን ሰባት ጊዜ ዞሮ በቁረይሽ ጉባኤ ፊት ቆመና ይህ ውል ካልተቀደደ አልቀመጥም አለ። አቡ ጀህል ተቃወመ፤ አራቱም ተራ በተራ ዙሀይርን ደገፉ። ሙጥዒም ሊቀደው ሲነሳ ምስጥ የአላህ ስም ካለበት በቀር ሁሉንም በልታው ተገኘች። ሱብሓነላህ!

ሌሊት ግመል የነዳው ሰው ራሱ ነው የቀኑን ክርክር ያደራጀው። አንዱ ሌላውን አላስቀረበትም።

የቀኑ ክርክር በካሽሚር

በካሽሚርም በቀን የቆሙ ነበሩ። የካሽሚር ታይምስ ሥራ አስፈፃሚ አዘጋጅ አኑራዳ ባሲን የስሪናጋር እትሟ መውጣት ሲያቅተው፣ መዘጋቱ አንድ ሳምንት ሳይሞላው ኦገስት 10 ቀን 2019 ለሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አለች። ፍርዱ የመጣው ከ5 ወር በኋላ፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 2020 ነው። ሦስት ዳኞች በኢንተርኔት ሐሳብን መግለጽና ንግድ መሥራት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት መሆኑን፣ ኢንተርኔትን ላልተወሰነ ጊዜ መዝጋት ሕገወጥ መሆኑን፣ የመዝጊያ ትዕዛዝ ሁሉ ታትሞ ለሕዝብ መገለጥ እንዳለበትና በየሰባት የሥራ ቀኑ መመርመር እንዳለበት ወሰኑ።

እውነቱን እንናገር፦ ፍርድ ቤቱ "ዛሬውኑ ክፈቱ" አላለም። በሜይ 2020 ፈጣን ኢንተርኔት እንዲመለስ ሌላ አቤቱታ ሲቀርብለትም ጉዳዩን ለባለሥልጣናት ኮሚቴ መራው። 4ጂ በመላው ግዛት የተመለሰው ፌብሯሪ 5 ቀን 2021፣ ከ18 ወር በኋላ ነው። የዘገየ ፍትሕ ስንቱን ተማሪ፣ ስንቱን ሱቅ ይዞ ሄደ!

ቢሆንም ከዚያ ፍርድ በፊት ትዕዛዙ በማን ተፈርሞ፣ በምን ምክንያት እንደወጣ ሕዝቡ ሊያነበው አይችልም ነበር። ከዚያ በኋላ ትዕዛዞቹ መታተም ጀመሩ። የታተመ ነገር ይጠየቃል፤ የተጠየቀ ነገር ማስረጃ ማቅረብ ይገደዳል። ቪፒኤን ለአንድ ስልክ የሚሠራውን አንድ መዝገብ ለ7 ሚሊዮን ሰው ይሠራል፤ ዝግ ብሎም ቢሆን።

ለኛስ?

ቪፒኤን አትጠቀሙ እያልን አይደለም። የተራበ ቤት እህል የምታደርስ ግመል አትከለከልም። ግን ግመሏ ገባች ብለን ውሉን አንርሳው። በር ተዘግቶ ሁላችንም በመስኮት ከወጣን፣ የዘጋው ሰው ለምን እንደዘጋ የሚጠይቀው አጥቶ በሰላም ይተኛል።

ስለዚህ መስመር ሲዘጋ ቀኑንና ሰዓቱን እንመዝግብ፤ ሱቁ ምን እንደከሰረ፣ በሽተኛው ምን እንደተጎዳ በማስረጃ እንጻፍ። ሕግ ያጠናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሕጉን አንብባችሁ አስረዱን። ደግሞም ለዘጊዎች ሰበብ አንስጥ። ሱረቱል ሑጁራት የመጣን ወሬ ማጣራትን አስተምራናለች፤ ያልተጣራ ወሬ ሼር ያደረገ ጣት፣ ነገ ኢንተርኔት ለሚዘጋ እጅ ምክንያት ያቀብላል።

አላህ በካሽሚርም በያለበትም የተጨቆኑትን ይርዳ፤ እኛንም በቀን ቆመን ሐቅ ከሚናገሩት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።