ጉልቻና ባንኮኒ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት አዘውትረን የምንጠቅሰው ሹም ተሽሮ ሹም ሲተካ ነው። ለአደባባይ ጉዳይ ብዙ ስላዋልነው ከወጥ ቤት የወጣ ቃል መሆኑን ዘንግተነዋል። ዛሬ ግን፣ ውድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፣ ተረቱን ወደ ተወለደበት ጓዳ ልመልሰውና አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ጉልቻ ሲለወጥ ወጡ ካልተለወጠ፣ የሚለወጠው ምንድን ነው?

ከቃላቱ እንጀምር። ጉልቻ ድስት የሚጣድባቸው ሦስት ድንጋዮች ናቸው። ትዳር የያዘ ሰው «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» ይባላል። መደብ ደግሞ ከግድግዳው ተያይዞ ከጭቃ የሚደለደለው ከፍታ ነው፤ ድስቱም ማሰሮውም ይደረደርበታል። ባንኮኒ ግን እንግዳ ነው። ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትልቅ አግዳሚ ማለት ነው። እኔ እንጀራ የምበላበት «ባንክ» የሚለው ስምም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ የጥንት የኢጣልያ ገንዘብ መንዛሪዎች ሳንቲማቸውን ይዘረጉበት ከነበረው አግዳሚ የተወሰደ ነው። ባንኮኒ እንግዲህ ከመነሻው የምግብ ሳይሆን የሒሳብ ዕቃ ነበር፤ በሰጪና በተቀባይ መካከል የሚቆም አጥር።

የኛ ከተማ የጋምቤላም ታሪክ ከመስጠትና ከመቀበል ጋር የተያያዘ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል አራተኛ አንቀጽ፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር፣ የወንዝ ግንባሩ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን ይመጣሉ፤ ከጎሬና ከሰዮ ደጋ የወረደው ቡና ይጫናል፤ ጨውና ጨርቅ ይራገፋል። ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች በዚህ ንግድ ኖረዋል። ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች ከወራት በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ባሮ ዳር ሲመዘንና ሲቆጠር ኖረ ማለት ነው። ከነጋዴው ሚዛን ወዲያ ግን ሌላ ታሪክ ነበር፤ የምድጃ ታሪክ።

ኢቫንስ-ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ የሚያስደንቅ ቃል መዝግቧል። (ይህ ሰው በዚያው ዘመን በጣልያን ጦርነት ጊዜ፣ በዚሁ በኛ ድንበር ከአኙዋክ ተዋጊዎች ጋር ዘምቷል።) ኑዌሮች የዘር ሐረግን «ቶክ ማች» ይሉታል ይላል። ቶክ አፍ ወይም ደጃፍ፣ ማች ደግሞ እሳት ነው፤ «የእሳት አፍ» እንደ ማለት። በምድጃው አጠገብ ነፋስ እንዲከልል ከጭቃ የሚሠራው ዝቅተኛ ግድግዳም የራሱ ስም አለው፤ የእናት ወገን ምልክትም ነው። እንግዲህ ልብ እንበል። ደገኛው «ሦስት ጉልቻ» ሲል ኑዌሩ «የእሳት አፍ» ይላል። ቋንቋቸው በዘር የማይገናኝ ሁለት ሕዝቦች፣ ቤተሰብን በጣሪያውና በግድግዳው ሳይሆን በእሳቱ ሰየሙት። በጋ ሲገባ ከከብቶቻቸው ጋር ወደ ወንዝ የሚወርዱት ኑዌሮች ቅልና ማሰሯቸውን እንጂ ቤታቸውን አይሸከሙም፤ እሳቱ በደረሱበት እንደገና ይነዳል፤ ቤትም ይሆናል።

ታዲያ እሳቱን ከመሬት አንሥቶ ከግድግዳ ጋር ያሰለፈው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬቴ ሹተ-ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ አዲስ መኖሪያ ቤቶች ወጥ ቤት ነደፈች። ወርዱ 1.9፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ነበር። የሴቲቱን እርምጃ ለመቆጠብ የሥራ ገበታውን፣ መታጠቢያውንና መሳቢያዎቹን አቀራርባ አሰለፈች፤ ለዚህም የባቡር ወጥ ቤት አርአያ ሆኗታል። 10,000 ያህል ቤቶች በዚህ ዓይነት ተሠሩ። ዛሬ በየአገሩ የምናየው ተያያዥ ባንኮኒ የዚያ ልጅ ነው። ድካም ቀነሰ፤ ይህ ሐቅ ነው። ነገር ግን አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባዋን ወደ ቤተሰቧ አድርጋ እንድትቆም አደረገ የሚል ወቀሳም ኋላ ቀረበበት። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲገነቡም፣ በጠባቡ ወጥ ቤት የማይከናወነውን የእንጀራ ጋገራና የእርድ ሥራ ለመሸከም የጋራ መገልገያ ቤት ማቆም አስፈልጓል። ወጥ ቤታችን ከባንኮኒው ይሰፋል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያስነሣብኝ የራሳችን ቤት እድሳት ነው። እናቴ በገዛ እጇ ለቅልቃ ያኖረችው የጭቃ መደብ ይፍረስ ተባለ። መደብ ጠያቂ ነው፤ ሲሰነጠቅ በእርጥብ እጅ መዳበስ፣ በየጊዜው መለቅለቅ ይፈልጋል። በእምነበረድ ይተካ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኛ ግን ዓሣ በሎሚ የምናጥብ የባሮ ዳር ሰዎች ነን፤ እምነበረድ ከኖራ ድንጋይ ወገን ነውና ሎሚ ይበላዋል። ስለዚህ ግራናይት ተመረጠ። ከዚያ ዕቃ ማራገፍ መጣ፦ ክዳን የሌለው ቆርቆሮ፣ አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ ሰሃን። የማንጠቀምበት ሁሉ ወጣ። ከጀበናው ላይ ግን እናቴ እጇን አላነሣችም።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ቆመሽ ትሠሪያለሽ፤ ወገብሽም ያርፋል» አልኳት።

«ቆሜ ወጥ መሥራት አያቅተኝም ልጄ» አለችኝ፤ «ለሚያጫውተኝ ሰው መቀመጫ የት ሊሆን ነው?»

ለዚህ መልስ ነበረባት። በአዲሱ ፕላን ላይ የመሬቱን ጥግ ተውንላት፤ ሙቀጫም ቢሆን ባንኮኒ ላይ አይወቀጥም። ከምድጃውና ከበርጩማዎቹ ጋር በዚያ ይቀመጣል።

ጭሱን የሚናፍቅ የለም። እናቶቻችን በጭስ ዓይናቸውን፣ በጉንበሳ ወገባቸውን ከፍለዋል፤ ያለፈውን ለማወደስ ሲባል ይህን መርሳት ግፍ ነው። ሦስት ጉልቻ ግን ከየአቅጣጫው የሚታይ፣ ሰው ዙሪያውን ከብቦ የሚጨዋወትበት ነበር። ባንኮኒ አንድ ፊት ብቻ አለው። ተረቱ ልክ ነው፦ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። የሚለዋወጠው የሰው አቀማመጥ ነው። ቤቱን የሚያድስ ሁሉ ስለ ድንጋዩ ዓይነት ከመጠየቁ በፊት፣ እሳቱ ዘንድ ማን እንደሚቀመጥ ይጠይቅ።

ቸር እንሰንብት።