ዘር ቆጠራና የሰው ታሪክ

ግሸንን ምእመኑ የሚያውቃት በግማደ መስቀሉ ነው፤ መስከረም 21 ቀን በመስቀል ቅርጽ ወደተዘረጋው አምባ ለንግሥ ይተማል። የአያት ቅድመ አያቱን ታሪክ ሊጽፍ ለተነሣ ሰው ግን ግሸን ሌላም ትምህርት አላት።

ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ እዚህ አምባ ላይ ይጋዙ ነበር። ማን ከማን እንደተወለደ በደንብ ይታወቃል፤ የሚታሰሩትም በዚሁ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በ1434 እ.ኤ.አ. ለመንገሥ የወረደው ከዚያ ነበር። ያልተጠራው ግን ወልዶ፣ ልጁም ወልዶ፣ እዚያው ያልፋል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በሀገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ፣ ከአምባው ልዑላን ለዐፄ ልብነ ድንግል ደብዳቤ ያመጣ አንድ መነኩሴ ከጠባቂዎቹ ጋር ሲገረፍ ማየቱን ጽፏል። ከነገሥታቱ ዝርዝር ሁሉ ይልቅ ያ ደብዳቤ ይበልጥብኛል፤ የትውልድ ሐረግ የማይነግረንን፣ ሰውዬው ምን እንደተመኘና ምን እንዳስመረረው የሚናገር እሱ ነውና። በ1540 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ሲይዝ የግዞቱ ዘመን አበቃ።

ከአምባው ግርጌ ያለው ገበሬም ዘር ቆጣሪ ነበር። ርስት የሚጠይቅ በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ አቅኚው አባት ዘንድ ይደርሳል፤ ለጋብቻ ደግሞ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሽማግሌ ፊት ሳይደናቀፍ የቆጠረ መሬት ያገኛል። ስለዚህ መሬት የሚያስገኝ ስም ይታወሳል፤ ሳትወልድ የሞተች አክስት ትረሳለች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ቆጠራው ትልቁን ጥቅሙን አጣ። ቆጠራው የዘለላቸውን መጽሐፍም እምብዛም አልያዛቸውም፦ በ1915 ዓ.ም. ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «የሕይወት ታሪክ»ን ማሳተማቸው የሰውን ታሪክ ለመጻፍ መንገድ ከፍቷል፤ ባለታሪኮቹ ግን በአብዛኛው የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ሰዎች ናቸው።

ወሎ ላይ ጠያቂው ሌላም ይገጥመዋል። በአንድ ሐረግ መሐመድና ወልደ ማርያም ተከታትለው ቢመጡ ስሕተት መስሎት እንዳይሰርዝ። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ ክርስትና የተነሡት ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ነበሩ። በቤቱ ዳዊት ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈው ክርስትና ስምም በፍርድ ቤት መዝገብ ካለው መጠሪያ ጋር አይገጥምም፤ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ነው።

እነሱም እየተበተኑ ነው የኖሩት። በ1977ቱ ረሃብ ከወሎ ብዙ ሺህ ቤተሰብ በሠፈራ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ መተከልና ጋምቤላ ተጫነ። ያኔ ሃያ ዓመት የሞላው ዛሬ ስድሳን ተሻግሯል። መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፦ ከየት ተጫናችሁ፣ ማን ቀረ፣ መንገድ ላይ ማን ሞተ፣ የት ተቀበረ። ሰባት ቤቱ ከዚያ በኋላ ይቆጠራል።